አደራና መክሊት፦ ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ እምነትን የተማረችበትና ያስተላለፈችበት መንገድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መድረክ ላዘጋጁት የፋኩልቲው ኃላፊዎችና በዚህ የምሽት ሰዓት ጊዜያችሁን ሠውታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የንግግሬ ርእሰ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያን እምነትን የምትማረውና የምታስተምረው ለምን እንደ ሆነ፣ ይህንንም ዓላማዋን በአገራችን ታሪክ ውስጥ በምን መንገድ ለመፈጸም እንደ ሞከረች የሚመለከት ነው። የምናገረው እንደ ታሪክ መምህር እንጂ እንደ ሰባኪ አይደለም። በዚህ አዳራሽ የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ማኅበረሰብ ውድ ነው ብሎ የያዘውን ነገር ለተከታዩ ትውልድ እንዴት ያወርሳል የሚለው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው። ዓመታትን የምጠቅሰው፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

ወደዚህ ርእስ የመለሰችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ ስለ አብነት ትምህርት ቤት ተናግሬ ስጨርስ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ሕፃናቱ የማያውቁትን ቋንቋ ዓመታት ሙሉ በቃላቸው ሲያጠኑ ኖሩ ብለውናል። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ያስተማረቻቸው ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በዚያ ሰዓት የሰጠኋት መልስ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ደረጃዎች የሚዘረዝር ነበር፤ እርሷ የጠየቀችው ግን ስለ ደረጃዎቹ አልነበረም። እኔ ራሴ በገጠር ደብር አጥር ሥር ፊደል ቆጥሬ ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ። ዳዊቱን የጨረስሁ ዕለት በቤታችን ድግስ ተደግሶ ጎረቤት ሁሉ መርቆኛል። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ከመቶ ሃምሳው መዝሙር ውስጥ የአንዱን እንኳ ፍቺ ተናገር ብባል አልችልም ነበር። ስለዚህ የተማሪዬ ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ነው። የዛሬው ንግግሬ ያን ቀን መስጠት የነበረብኝን መልስ ለመፈለግ የተዘጋጀ ነው።

፩. ሁለት ምሳሌዎች

የክርስትና ቤተ ክርስቲያን ከመነሻዋ የማስተማር ትእዛዝ የተቀበለች ማኅበር ናት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር አራት ትውልድ ይጠቅሳል፦ ራሱን፣ ጢሞቴዎስን፣ ጢሞቴዎስ የሚያስተምራቸውን ታማኝ ሰዎች፣ እነዚያ ደግሞ በተራቸው የሚያስተምሯቸውን ሌሎች። በመጀመሪያው መልእክቱም የተሰጠውን ነገር አደራ ብሎ ይጠራዋል። አደራ በእኛ ባህል ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አደራ የተቀበለ ሰው በገዛ ፈቃዱ አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም፤ እንደ ተቀበለው ይመልሰዋል።

በወንጌል ውስጥ ግን ሌላም ምሳሌ አለ፤ እርሱም የመክሊቱ ምሳሌ ነው። በዚያ ታሪክ የተነቀፈው አገልጋይ የጌታውን ገንዘብ ያባከነ አይደለም። አንድም ሳያጎድል መሬት ቆፍሮ ያኖረ፣ አንድም ሳያጎድል የመለሰ ነው። በአደራ ሕግ ከተዳኘ ነፃ ይወጣ ነበር፤ የተፈረደበት ስላልነገደበት ነው።

የዛሬው ንግግሬ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአገራችን በእነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል የኖረ ነው። እንደ አደራ ጠባቂነቷ ያስመዘገበችው ውጤት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም አደራው ለብዙኃኑ ምእመን በእውነት የተላለፈው የሚሰማው ሰው በሚገባው ቋንቋ ለመተርጐም በደፈረችባቸው ጊዜያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ከታሪኩ ለማሳየት እሞክራለሁ።

፪. ከአክሱም እስከ ሐይቅ

ታሪኩ የሚጀምረው በትርጉም ሥራ ነው። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ከጢሮስ የመጡት ሁለቱ ወንድማማች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት እንዳደጉ፣ ፍሬምናጦስም በከተማው ለነበሩት ክርስቲያን ነጋዴዎች የጸሎት ቦታ እንዳዘጋጀና በኋላ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከአትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ እንደ ተመለሰ የላቲኑ ጸሐፊ ሩፊኖስ ዘግቧል። ሩፊኖስ ይህን የሰማው ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ የዚህች ቤተ ክርስቲያን የልደት ታሪክ ራሱ በቃል ተላልፎ ወደ ጽሑፍ የገባ ነው። የግእዝ ፊደል አናባቢውን በቅርጹ ለይቶ የሚያሳየው አጻጻፍ በድንጋይ ላይ መታየት የጀመረውም በዚያው በንጉሥ ዒዛና ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ምዕተ ዓመታት ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ተተረጐሙ። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተጻፉ መታወቁ ይህ ሥራ ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደ ተከናወነ ያስረዳል።

ተማሪዎቼ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ግእዝ በዚያን ጊዜ ምሥጢራዊ ቋንቋ አልነበረም፤ ገበሬውና ነጋዴው የሚናገሩበት የአገሩ ቋንቋ ነበር። መጽሐፉ ወደ ግእዝ የተመለሰው ሕዝቡ እንዲሰማው ነው። ግእዝ ከዕለት ተዕለት ንግግር እየወጣ የመጽሐፍና የመቅደስ ቋንቋ ብቻ የሆነው በኋላ፣ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በመጽሐፉና በምእመኑ መካከል ክፍተት ተፈጠረ፤ የትምህርት ቤቱም ሥራ ይህን ክፍተት መሙላት ሆነ።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቋቋሙት ማኅበር የዚህ ሥራ ታላቅ ምሳሌ ነው። እርሳቸው በደብረ ዳሞ ተምረው መጡ፤ ከእርሳቸው ዘንድ ከተማሩት መካከል በሸዋ የኋላውን ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኛሉ። የመምህርና የደቀ መዝሙር ሰንሰለት እንዲህ ካንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እየተዘረጋ ሄደ። ይህ ሰንሰለት ከነገሥታት ሥልጣን ነፃ የነበረ ባይሆንም፣ ነገሥታቱ ከመናገሻ ወደ መናገሻ ሲዘዋወሩ ትምህርቱ ያልተቋረጠው መምህራኑ በየገዳሙና በየደብሩ ስለ ነበሩ ነው።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ ምእመኑን ራሱን የማስተማር ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ አደረጉት። ካህናት በሰንበታትና በበዓላት ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዙ፤ በስማቸው የሚታወቁ የትምህርት መጻሕፍትም፣ ለምሳሌ መጽሐፈ ብርሃን፣ ተጻፉ። ይሁንና ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረን ሕዝቡ የእምነቱን ቃል በግንባሩና በእጁ ላይ እንዲጽፍ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል፤ በትምህርት የተለዩአቸውንም ደቂቀ እስጢፋኖስን በጽኑ ቀጥተዋል። ንጉሡ አለማወቅ ለእምነት አደጋ መሆኑን በሚገባ አይተዋል። ነገር ግን በግንባር ላይ የተጻፈ ቃል ወደ ልብ ለመግባቱ ማረጋገጫ እንዳልነበረ ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ዘመን አሳየ።

፫. የአብነት ትምህርት ቤት አሠራር

ወደ ፈተናው ዘመን ከመሻገሬ በፊት ስለ ትምህርት ቤቱ አሠራር ጥቂት ልናገር፤ ተማሪዬ የጠየቀችው ስለዚህ ነበርና።

ሕፃኑ በንባብ ቤት ከፊደል ይጀምራል፤ አቡጊዳን፣ ፊደለ ሐዋርያን፣ የዮሐንስን ወንጌል አልፎ ዳዊት ይደግማል። ቀን ቀን በመጽሐፍ ላይ ያነባል፤ ማታ መብራት በሌለበት ጎጆ የጸሎቱን ክፍል ከመምህሩ ወይም ከታላላቅ ተማሪዎች አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል። ከዚህ በኋላ የሚቀጥል ጥቂቱ ነው። የሚቀጥለው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ አገር ርቆ ይሄዳል፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በሚያገኘው ቁራሽ ይማራል። ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፣ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ አቋቋምና መጻሕፍት ለመማር ወደ ጎንደር ይጓዛል። ትምህርቱን ለመፈጸም ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ጎን ለጎን መኖራቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። በዜማ ቤት ዋናው ነገር መጠበቅ ነው። በ6ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ነበረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግእዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ስልቶቹ ሳይዛነፍ መያዝ አለበት፤ ተማሪው አንዲት ድምፅ ቢስት የኔታ ያስቆሙታል፣ ያስመልሱታል። በቅኔ ቤት ግን ሕጉ ይገለበጣል። ተማሪው ትናንት የተባለውን ደግሞ ቢያቀርብ አይመሰገንም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር፣ ሰምና ወርቁንም ማስማማት ይጠበቅበታል። የግእዙ ሰዋስው የሚፈታለትም በአማርኛ ነው። ቋንቋው የሚገባው፣ ዳዊቱ የሚፈታለት እዚህ ሲደርስ ነው። እንግዲህ የአብነት ትምህርት ቤት መሸምደጃ ብቻ ነው የሚለው የተለመደ ወቀሳ ግማሽ እውነት ነው፤ በመካከሉ በየቀኑ አዲስ ነገር ካልፈጠሩ የማያሳልፍ ቤት አለና። ችግሩ ብዙዎቹ ሕፃናት ወደዚያ ቤት ሳይደርሱ መመለሳቸው ነው።

፬. የ16ኛውና የ17ኛው ምዕተ ዓመት ፈተና

ከ1529 ጀምሮ እስከ 1543 የዘለቀው የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ለዚህ ትምህርት ከባድ ፈተና ሆነ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንት ሞቱ፣ ከሕዝቡም ብዙው እምነቱን ለወጠ። በቃል ብቻ የተያዘ ትምህርት ያዡ ሲሞት አብሮ እንደሚቀበር በዚያ ዘመን በግልጽ ታየ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን የዜማ ምልክት እንደ ሠሩ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ይናገራል። ይህ ሥራ ከጥፋቱ በኋላ ወዲያው መምጣቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ምልክቱ መምህሩን አይተካም፤ ዛሬም ምልክቱን ከመምህር አፍ ሳይማር የሚያዜም የለም። ግን የተማረው ሰው እንዳይረሳ ይደግፈዋል።

ሁለተኛው ፈተና በጦር አልመጣም፤ በትምህርት መጣ። የኢየሱሳውያን ሚሲዮን በ1557 ወደ አገሪቱ ገባ፤ በ1603 የደረሰው ጴሮ ፓኤዝ ደግሞ የአገሩን ቋንቋ ተማረ። ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው እንደ ጻፉት ትምህርተ ሃይማኖታቸውን በአማርኛ አዘጋጅተው ሕፃናትን አስጠኑ፤ ሕፃናቱም በቤተ መንግሥት ቀርበው ጥያቄውን በቃላቸው መለሱ። ይህ ለአገሩ ሊቃውንት ምን ዓይነት ድንጋጤ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። የእነርሱ ተማሪ የእምነቱን ነገር በአገሩ ቋንቋ ለማስረዳት ብዙ ዓመት መማር ነበረበት፤ የሚሲዮኑ ሕፃን ግን በጥቂት ወራት የተማረውን በአማርኛ ይናገራል።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ አገሪቱም እስከ 1632 በደም ተናወጠች። በዚህ ዘመን እምነትን የጠበቁት ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም። ከመኳንንት ቤት የተወለደችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ መነኰሰች፤ ከቦታ ወደ ቦታ እየተሰደደች ተከታዮችን ሰበሰበች፣ ማኅበራትንም መራች። ገድሏ ከዕረፍቷ ሠላሳ ዓመት በኋላ በ1672 ተጻፈ። በጉባኤ ቤት ወንበር ያልተሰጣት ሴት እምነቱን አስተላለፈች ማለት ነው። የትምህርት ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ስለ ወንበሩ ብቻ ከጻፍን እንደ እርሷ ያሉትን እንስታለን። ጾሙን፣ በዓሉን፣ የምጽዋቱን ሥርዓት ለልጆቻቸው ያስተማሩ እናቶችና አያቶች፣ በየቤቱ የሚመላለሰው የነፍስ አባት፣ በግድግዳ ላይ የተሣለው ሥዕል፣ እነዚህ ሁሉ ፊደል ላልቆጠረው ብዙኃን መምህራን ነበሩ።

፭. አንድምታ፦ የተጠበቀውና የተፈታው ሲገናኙ

ከ1632 በኋላ በጎንደር የታየው የትምህርት መነቃቃት ለሁለቱ ፈተናዎች የተሰጠ መልስ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። ከመልሶቹም ሁሉ የሚበልጠው የአንድምታ ትርጓሜ ነው። በዚህ ትምህርት መምህሩ የግእዙን ንባብ ይነግራል፤ ወዲያው በአማርኛ ይፈታዋል፤ ቀጥሎ ሐተታውንና ታሪኩን ያመጣል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ፣ ሌላም ፍቺ ይጨምራል። መጻሕፍቱ በአራት ጉባኤ ይከፈላሉ፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮጀር ካውሊ በ1980ዎቹ ባሳተማቸው ሥራዎቹ እንዳሳየው፣ የትርጓሜው ይዘት የጎንደር ሊቃውንት ከባዶ የፈጠሩት አይደለም፤ በግሪክ፣ በሶርያና በዐረብ ክርስቲያኖች መጻሕፍት ካለፈው ጥንታዊ ትርጓሜ ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። በይዘቱ አደራ ነው ማለት ነው። አዲሱ ነገር የሚነገርበት ቋንቋ ነው። አማርኛውም የመኳንንት አማርኛ አይደለም፤ ስለ እርሻው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎታው፣ ስለ ባልና ሚስቱ የሚናገር የባላገር አማርኛ ነው።

የዚህ ትምህርት ሁለተኛ ጠባይ «አንድም» በምትለው ቃል ውስጥ ይገኛል። መምህሩ የተለያዩትን ፍቺዎች አንዱን በአንዱ ላይ ሳይሽር በተርታ ያቀርባል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩት መምህር ኤስድሮስ ትርጓሜውን እንደ ገና መርምረው ሲያስተምሩ የእርሳቸው መንገድ ታች ቤት፣ የቀደመው ላይ ቤት ተባለ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ይታወቃሉ። ተማሪው የሚረከበው መልሱን ብቻ አይደለም፤ አባቶች የተለያዩበትንም ነጥብ ይረከባል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ወንበዴዎች ስላቆሰሉት መንገደኛና ስለ ደጉ ሳምራዊ በሚናገረው ታሪክ ላይ ከጥንት አባቶች ጀምሮ የተላለፈ፣ በእኛም መምህራን አፍ የሚነገር ትርጓሜ አለ፦ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የማደሪያው ጠባቂ መምህራን ናቸው፤ ሳምራዊው የሰጠው ሁለት ዲናር ብሉይና ሐዲስ ነው። በታሪኩ ውስጥ ግን ሳምራዊው ሁለቱን ዲናር ሰጥቶ ዝም አላለም፤ ጠባቂው ከዚያ በላይ የሚያወጣውን ወጪ ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል ገብቷል። እኔ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ስለ ገዛ ትምህርቷ ያላትን አሳብ አያለሁ። ሁለቱ ዲናሮች የተቀበለችው አደራ ናቸው፤ ጠባቂው ከራሱ የሚጨምረው ወጪ ደግሞ የመምህሩ ድካም፣ የመምህሩ ቋንቋ፣ የመምህሩ ማስረዳት ነው። ቁስለኛው የሚድነው ዲናሩ በሣጥን ስለ ተቀመጠ አይደለም።

፮. ያልተሞሉ ክፍተቶች

ታሪክን የሚያወድስ ብቻ ታሪክ አይጽፍም፤ ስለዚህ ጉድለቱንም እናገራለሁ።

አንደኛ፣ አንድምታው በአማርኛ ቢሆንም በጉባኤ ቤት ውስጥ የተከለለ ነበር። የሚሰማው ብዙ ዓመት የተማረው ደቀ መዝሙር እንጂ በዐውደ ምሕረት የቆመው ገበሬ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ትምህርት የሚያስተላልፈው እምነትን ብቻ አይደለም፤ ጠብንም ያስተላልፋል። ከሱስንዮስ በኋላ ቅብዓት፣ ጸጋና ተዋሕዶ ተብለው የተከፈሉት ወገኖች ክርክራቸውን በየገዳሙ የመምህርና የተማሪ ሰንሰለት አወረሱት፤ ጉዳዩም በ1878 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰብሳቢነት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ በመንግሥት ኃይል እስኪዘጋ ድረስ ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ አገሪቱን ከፋፈለ። «አንድም» ብሎ የተለያየ ፍቺ የሚታገሥ ትምህርት ቤት በነገረ መለኮት ላይ ይህን ትዕግሥት አላሳየም።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ የተከፈተው በር ለኦሮምኛ፣ ለከምባትኛ፣ ለወላይትኛ ተናጋሪ አልተከፈተም። ለእነርሱ አማርኛው ሌላ ግእዝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ለብዙኃኑ በሚሰማ ቋንቋ የማቅረቡ ሥራ በአብዛኛው ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ ውጭ ተሠራ። አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ ሆነው መጽሐፉን ወደ አማርኛ መለሱት፤ ሙሉው በ1840 በእንግሊዝ አገር ታተመ። በባርነት ተሽጦ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በግእዝ ፊደል በ1899 ታተመ። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥራ በአክሱም ዘመን የመጀመሪያዎቹ ተርጓሚዎች ከሠሩት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

፯. የ20ኛው ምዕተ ዓመትና የእኛ ዘመን

በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የአብነት ትምህርት ቤት ብቸኛ የፊደል ቤት መሆኑ አበቃ። ሆኖም አዲሱን ሥነ ጽሑፍ ያቆሙት እነ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ዮፍታሔ ንጉሤና ሐዲስ ዓለማየሁ ከቅኔ ቤት የወጡ ነበሩ። የአንድምታው መጻሕፍትም በዚሁ ምዕተ ዓመት መታተም ጀመሩ፤ በቃል የነበረው በእጅ ሊያዝ ቻለ።

ከዚያ የመጣው ለውጥ ግን የትምህርት ቤቱን መሠረት ነካ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የገጠር መሬት የመንግሥት መሆኑ ሲታወጅ ደብሩንና መምህሩን ይደግፍ የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀረ። አዋጁ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ ይህን አልክድም። ለየኔታ ግን መተዳደሪያቸው በአንድ ቀን ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው መጣ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተከፈተ፤ ወላጅም ልጁን ወደ እርሱ መላክ ጀመረ። ለምእመኑ የሰንበት ትምህርት ቤቶችና በየቋንቋው የሚሰጡ ስብከቶች ተስፋፉ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ከባዱ ትምህርት ግን ተረካቢው እየሳሳ ሄደ።

ከሁለት ዓመት በፊት የልጅነት መምህሬን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ በዙሪያቸው ያሉት ተማሪዎች አራት ናቸው። አንደኛው ልጅ ዜማቸውን በስልኩ እየቀረጸ ነበር። ደስ ብሎኝ፣ «የኔታ፣ እንግዲህ ትምህርትዎ አይጠፋም» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ድምፄንስ ያዘልኝ። ግን ልጄ፣ ስልኩ ሌላ ሰው ሲሳሳት ሰምቶ ያርመዋል?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው ያቋረጠውን እንዲቀጥል አዘዙት። ልጁ ሳተ፤ አስመለሱት።

፰. ማጠቃለያ

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ሕፃኑ የማያውቀውን ቋንቋ በቃሉ ሲያጠና ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችው ምንድን ነው? መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ የሚሰጠው አደራውን ነው፤ ፍቺው ኋላ ይመጣል ተብሎ ቃሉ ቀድሞ ይቀመጥለታል። እኔ ዳዊቱን ከደገምሁ ብዙ ዓመት በኋላ ፍቺውን ስማር ቃሉ በውስጤ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ባልሆነልኝ። ሁለተኛው ክፍል ግን ለእኛ ለመምህራን የሚከብድ ነው። ፍቺው ኋላ ይመጣል የተባለላቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ሳይመጣላቸው አርጅተዋል። ተማሪዬ የጠየቀችው ስለ እነርሱ ከሆነ ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ራሷ በአክሱም በግእዝ፣ በጎንደር በአማርኛ ስትተረጕም ለዚያው ጥያቄ መልስ እየሰጠች ነበር።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን የትምህርት ዓላማ መጠበቅ ነው ወይስ ማስረዳት ብሎ መምረጥ ታሪኩን አይመጥነውም። ጠባቂ ባይኖር ኖሮ ጎንደር የሚተረጕመው ንባብ አያገኝም ነበር። ተርጓሚ ባይኖር ደግሞ የተጠበቀው ነገር እንደዚያ እንደ ተቀበረው መክሊት በሆነ ነበር። ዛሬ ጠባቂዎቹ ጥቂት አረጋውያን ናቸው፤ አስረጂዎቹ ብዙ ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጉባኤ የሚቀመጡበት ጊዜ እየቀነሰ ነው። የእኛ ፋኩልቲ በዚህ ውስጥ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። በታሪክ፣ በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ክፍሎች የምትማሩ ወጣቶች የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስትመርጡ ወደ አንድ ጉባኤ ቤት ሂዱ፤ ቀርጹ፣ ጻፉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ተቀምጣችሁ ስሙ፣ ጠይቁ። የማትቀበሉት እምነት ቢሆንም እንኳ አንድ ትውልድ ለሌላው ቃል የሚያቀብልበትን መንገድ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ያቺ ተማሪ በአዳራሹ ውስጥ ካለች የመጀመሪያውን ዕድል ለእርሷ እሰጣለሁ።